ድንጋዩም የእኛ፣ ችግኙም የእኛ፤ ቦታውስ የማን ነው?

(ከዚህ በታች የምናቀርበው የላስታ ተወላጆች አዲስ አበባ ውስጥ ባደረጉት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር ነው። ተናጋሪው እንዳቀረበው ለማቆየት ስንል ከጥቂት እርማት በቀር አልነካካነውም። — ዝግጅት ክፍሉ)



ስለ ላሊበላ እንድናገር ስትጋብዙኝ አንድ ነገር ፈርቼ ነበር። ስለ ላሊበላ የሚናገር ሰው ወይ ያለቅሳል ወይ ያወድሳል። አልቃሹ ስንጥቁን እየቆጠረ ያለቅሳል፤ አወዳሹ ደግሞ «ስምንተኛው የዓለም ድንቅ» ብሎ፣ ተጨብጭቦለት ወደ ቤቱ ይሄዳል። ላሊበላም እንደነበረች ትቀራለች። እኔ ዛሬ ላለቅስም ላወድስም አልመጣሁም። ስለ አትክልት ቦታ ልነግራችሁ ነው የመጣሁት።

አትሳቁብኝ! «አገር በጦርነትና በኑሮ ውድነት እየታመሰ ይሄ ሰውዬ ስለ አበባ ሊያወራ ነው እንዴ?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ግን ቆዩኝማ። ነገሬ ስለ አበባ ሳይሆን ስለ ባለቤትነት ነው፤ አበባው በሩ ነው።

ሐሳቤ ባጭሩ ይኸውላችሁ፦ በላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ሰው እንዲነሣበት የተደረገው መሬት፣ ሕዝቡ ራሱ የሚያስተዳድረው የአትክልትና የቅርፃ ቅርፅ ሥፍራ ይሁን። ተክሉ ውሃ የማይለምን አገር በቀል ይሁን። ቅርፁን የሚጠርቡት የላስታ ልጆች ይሁኑ። ይኸው ነው። አሁን ለምን እንዲህ እንደምል አንድ በአንድ ላስረዳ።

ቤቱ ቀረ፣ ሰውየው ሄደ

ላሊበላ በዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ የሰፈረችው በ1970 ዓ.ም. ነው። ዩኔስኮ መጀመሪያ ከመዘገባቸው 12 ቦታዎች አንዷ ናት። ከዚያ ወዲህ ቅርሱን ለመጠበቅ የመጣው ሁሉ፣ የአገር ሰውም ይሁን ፈረንጅ፣ አንድ ጥያቄ ያነሣ ነበር፤ «እነዚህ በዙሪያው ያሉ ቤቶች ምን ይሁኑ?» የሚል። በ2001 ዓ.ም. የዓለም ባንክ ለኢትዮጵያ የቱሪዝም ልማት 35 ሚሊዮን ዶላር አጸደቀ፤ ላሊበላም ከታቀፉት ቦታዎች አንዷ ሆነች። በዚያ ፕሮጀክት ዘመን ከአብያተ ክርስቲያናቱ ጥግ ይኖሩ የነበሩ ብዙ ቤተሰቦች ተነሥተው ከከተማው ወጣ ወዳለ አዲስ ሰፈር ተዛወሩ።

የተሰጠው ምክንያት ፍሳሹ፣ መጸዳጃው፣ መጨናነቁ ለቅርሱ አደጋ ነው የሚል ነበር። ምክንያቱ ውሸት ነው አልልም። ካሳው በቂ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውንም ክርክር ለሌላ ቀን ላቆየው። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ላሊበላ እኮ ሙዚየም አይደለችም፤ ሌሊት ማኅሌት የሚቆምባት፣ ማለዳ ኪዳን የሚደረስባት፣ ሽማግሌው በምርኩዙ፣ ባልቴቷ በነጠላዋ የሚመጡባት ደብር ናት። በጸናጽሉ ድምፅ እየነቃ ያደገ ሰው ራቅ ካለ ሰፈር ሆኖ ያንን ድምፅ ከየት ያምጣው?

ከፈረሱት ቤቶች መካከል ጥንታዊ የሆኑት፣ ምድርና ፎቅ ያላቸው ክብ የድንጋይ ቤቶች፣ «ቅርስ ናቸው» ተብለው እንዲቆዩ ተደረገ። ይኼ ደግ ሥራ ነው። ግን ልብ በሉ! ቤቱ ቅርስ ተባለና ቀረ፤ ቤቱን የሠራው ሰው ዘር ግን ሄደ። ቦታውም ቤት ፈርሶበት ጸዳ። ጸድቶ ምን ሆነ? «አረንጓዴ ቦታ ይሆናል» የሚል ቃል በየስብሰባው ሲነገር ሰምተናል። ምን ዓይነት አረንጓዴ? ማን የተከለው? ማን የሚያጠጣው? ማን የሚቀመጥበት? ለዚህ ጥያቄ አጥጋቢ መልስ የሰጠን ባለሥልጣን እስከዛሬ አላየሁም።

ውሃ ሲበዛም ጠላት፣ ሲጠፋም ጠላት

አሁን ወደ ውሃው ልምጣ። የላሊበላ ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የተገኘ ነው። ቀላ ያለ፣ ቀዳዳ የበዛበት፣ ለመሮ የሚመች ድንጋይ ነው። ባይመች ኖሮ ቤተ ጊዮርጊስን የሚያህል 12 ሜትር ገደማ ወደ ታች የወረደ የመስቀል ቅርፅ ከአንድ ቋጥኝ ፈልፍሎ ማውጣት ባልተቻለ ነበር። ነገር ግን ለመሮ የተመቸ ድንጋይ ለውሃም ይመቻል። ክረምት ውሃ ይጠጣል፤ በጋ ይደርቃል፤ ዓመት ዓመት እየራሰና እየደረቀ ይላላል፤ በመጨረሻም ይሰነጠቃል።

የጥንቶቹ ጠራቢዎች ይኼን አሳምረው ያውቁ ነበር። በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ያለውን ቦይ ዝም ብላችሁ ሄዳችሁ እዩት። ዘንበል ተደርጎ ነው የተጠረበው። የዝናቡ ውሃ እንዳይተኛ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተቀባበለ እንዲወጣ የታሰበ ነው። ስለ መስቀሉ ውበት የተጨነቁትን ያህል ስለ ውሃው መውጫም ተጨንቀዋል። ከዘመን ብዛት ቦዩ በአፈር ሲደፈን፣ ጠራጊ ሲጠፋ ነው ነገር የተበላሸው።

ከዚያ ወዲህ የመጣውን ታውቁታላችሁ። በፈረንጆች 1966 ጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ የመራው ቡድን የጥገና ሥራ ጀመረ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ አራት ትልልቅ የብረት ጣሪያዎች ተተክለው አምስት አብያተ ክርስቲያናትን ሸፈኑ፤ ቤተ መድኃኔ ዓለምን፣ ቤተ ማርያምን፣ ቤተ መስቀልን፣ ቤተ አማኑኤልንና ቤተ አባ ሊባኖስን። ጣሪያው ለጊዜው ነው ተብሎ ነበር። «ለጊዜው» የሚባለው ነገር በአገራችን ስንት ዓመት እንደሚቆይ ለእናንተ አልነግራችሁም! በመስከረም 2011 ዓ.ም. የላሊበላ ሕዝብ «አብያተ ክርስቲያናቱን አድኑልን፣ ጣሪያው ራሱ አደጋ ሆኖብናል» ብሎ አደባባይ ወጣ። በመጋቢት ወር የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ማክሮን ላሊበላ ድረስ መጥተው እንረዳለን አሉ።

እንግዲህ አስቡት፤ ዝናብ እንዳይነካው ብለን ከላይ በብረት ሸፍነን፣ ከጎኑ ደግሞ በየቀኑ በጎማ ውሃ የሚጠጣ ሣርና አበባ ብንተክል! የተጠጣው ውሃ የት ይሄዳል? በአፈሩ ሰርጎ ወደዚያው ወደ ድንጋዩ ነው የሚሄደው። ዣንጥላ ይዞ እግሩን ወንዝ ውስጥ እንደነከረ ሰው መሆን ነው። ይኼን የምለው ዝም ብዬ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የኮሪደር ልማት ከተጀመረ ወዲህ የሣር ምንጣፍና የዘንባባ ዛፍ የሥልጣኔ ምልክት ሆኗል፤ ሠፈሩ የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ሲጠብቅ ሣሩን የሚያጠጣ ቦቴ ሲመላለስ በዓይናችን እያየን ነው። ይኼው ፋሽን ነገ ላሊበላ ቢደርስ ጉዳቱ የውሃ ብክነት ብቻ አይሆንም፤ ቅርሱን ራሱን መግደል ይሆናል።

ሌላኛው የውሃ ጣጣ ደግሞ ጥሙ ነው። በላስታ ዋናው ዝናብ ሐምሌና ነሐሴ ወርዶ ያበቃል። በልጉ አንድ ዓመት ይመጣል፣ አንድ ዓመት ይቀራል። የ1966ቱንና የ1977ቱን ረሃብ ወሎ ላይ ላለፈ ሰው ይኼን ማስረዳት አያስፈልግም። ከተማው ውስጥ በበጋ ቢጫ ጀሪካን ተደርድሮ ማየት የተለመደ ነው። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚባለው ተረት ለእኛ ለተከዜ ልጆችም ይሠራል።

ጦርነቱ ደግሞ አንድ ትምህርት ሰጥቶን አልፏል። የሕወሓት ኃይሎች ሐምሌ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. ላሊበላን ያዙ፤ ከተማዋ ከእጅ ወደ እጅ ተዘዋውራ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በመንግሥት እጅ ተመለሰች። መብራት ግን ከዚያም በኋላ ለብዙ ወራት አልመጣም። መብራት ሲጠፋ የውሃው ሞተር ቆመ፤ ሞተሩ ሲቆም ቧንቧው ደረቀ፤ እናቶች ወደ ምንጭና ወደ ወንዝ ወረዱ። አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ያኔ በላሊበላ በሞተር ውሃ የሚኖር የአትክልት ሥፍራ ቢኖር ኖሮ ስንት ቀን ይቆይ ነበር? ወሩ ሳይሞላ ገለባ ይሆን ነበር። በዚያው ዘመን ግን ማንም ያላጠጣው ወይራና ማንም ያልጠበቀው እሬት አንድም ቀን አልጠወለገም። እንግዲህ ለላሊበላ የሚበጀው የትኛው ነው?

ውሃ የማይለምኑት

በአሜሪካ ኮሎራዶ፣ ዴንቨር በምትባል ደረቅ ከተማ፣ የውሃ መሥሪያ ቤቱ በ1981 እ.ኤ.አ. ሕዝቡ ለጓሮው ሣር የሚያፈሰው ውሃ ቢያስጨንቀው አዲስ አሠራር አወጣ። ብዙ ውሃ የማይፈልጉ ተክሎችን መምረጥ፣ እንደ ጥማታቸው መለየት፣ አፈሩን በጠጠርና በቅጠል መሸፈን ነው። ስሙንም ከግሪክኛው «ደረቅ» ከሚለው ቃል ወስደው «ዜሪስኬፕ» አሉት። ዛሬ በዓለም ላይ በየዩኒቨርሲቲው ይማሩታል። ጥሩ ነው፤ ይማሩ። የእኛ አያቶች ግን ያለ ስም ሲሠሩበት ኖረዋል።

እስቲ አብረን እንቁጠር። ወይራ አለላችሁ፤ ቅጠሉ ትንሽና ጠንካራ፣ ውሃውን አጥብቆ የሚይዝ፣ እናቶቻችን የወተት ዕቃና የጠላ ጋን የሚያጥኑበት። ጥድ አለላችሁ፤ ይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ ደጃፍ ያለውን ደን ያየ ሰው ጥድና ወይራ ያለ ጎማና ያለ ቧንቧ ስንት ዘመን እንደሚኖሩ ያውቃል። ክትክታ አለ፤ አፈሩ ታጥቦ ባለቀበት ገደል ላይ ቀድሞ የሚበቅል እሱ ነው። እሬት አለ፤ የክረምቱን ውሃ ቅጠሉ ውስጥ አስቀምጦ በጋውን ይከርማል፤ ሲያብብ ደግሞ ቀይ ነበልባል ነው። ቁልቋል አለ፤ አጋም አለ፤ አጥርም ይሆናል፣ ፍሬውንም ልጅ ይለቅመዋል። ከጽጌረዳ ዘር ከሰሐራ በታች የራሷ የሆነችው ቀጋ በነጭ አበባዋ አለች፤ እኛ ግን ጽጌረዳ ስንል በዕቃ መጫኛ የመጣውን እንፈልጋለን! ጦስኝ አለ፤ ምድር ላይ ተንጥፎ የረገጠውን ሰው ጫማ ያሸታል። በመስከረም አደይ አበባ አለ፤ ዘሩን ማን ዘራው? ማን አጠጣው? ወጣ ብላችሁ ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ብትወጡ፣ ከ4,200 ሜትር በላይ፣ ጅብራውና የጓሳው ሣር ብርዱን ተቋቁመው ቆመዋል።

ባሕር ዛፍን ግን ከዚህ ዝርዝር አውጡልኝ። በአፄ ምኒልክ ዘመን የመጣ ባለውለታችን ነው፤ ማገዶም ሆኗል፣ ቤትም ሠርቷል፤ አልክደውም። ነገር ግን ውሃ የሚጠጣ ዛፍ ነው፤ ቦታው ከቅርሱ ራቅ ያለ ይሁን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልሸሽግ ልንገራችሁ። አገር በቀል ስለሆነ ብቻ የትም አይተከልም። የወይራም ሥር ቢሆን የድንጋይ ስንጥቅ ካገኘ ይገባል፤ ከገባ ይፈለቅቃል። ስለዚህ ቦታውን በሦስት መክፈል ያስፈልጋል። ከተጠረበው ድንጋይና ከቦዩ አጠገብ ምንም አይተከልም፤ ቦዩ ይጠረጋል፣ ውሃው ይወጣል፣ ይኸው ነው። ቀጥሎ ባለው ሥሩ የማይጠልቅ ብቻ፤ ጦስኝ፣ የአገር ሣር፣ አደይ አበባ። ዛፉ፣ ወይራውና ጥዱ፣ ከሁሉ ራቅ ብሎ በውጭኛው ዙሪያ። ግማሽ ጨረቃ ቅርፅ ያለው ውሃ መያዣ የሚቆፈረውም በዚሁ በውጭኛው ዙሪያ ብቻ ነው፤ ያውም አርኪዮሎጂስት ሳያየው አንድ ጉድጓድ እንኳ መቆፈር የለበትም። ከመሬቱ ሥር ገና ያልተነበበ ታሪክ አለና። ችግኝ ደግሞ ሕፃን ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት በጋዎች በማሰሮ ጥቂት ጥቂት ይፈልጋል። ሥሩ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ቢደረደርለት እርጥበቱ አይሸሽም። ከዚያ በኋላ ራሱን ይችላል።

ድንጋዩን ማን ይጥረበው?

«እሺ፣ አትክልቱስ ገባን፤ ቅርፃ ቅርፁ ምን ያደርጋል?» ትሉኝ ይሆናል። ላሊበላ ራሷ እኮ ቅርፃ ቅርፅ ናት! ሌላው አገር ድንጋይ ደርድሮ ሲሠራ ላሊበላ ላይ ድንጋይ ተቀንሶ ነው ሕንፃ የወጣው፤ ይኼ የቀራፂ ሥራ እንጂ የግንበኛ አይደለም። ዮርዳኖስ ብለን በምንጠራው፣ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ በሆነው ወንዝ ውስጥ ከዚያው ቋጥኝ ተፈልፍሎ የቆመውን መስቀል ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ደረቅ ወንዝ ውስጥ የቆመ ቅርፅ! እኔ ዛሬ የማወራላችሁን ነገር አባቶቻችን ስምንት መቶ ዓመት ቀድመውን ሠርተውታል።

መሮውም አልዶለዶመም። የላሊበላ ልጆች ከዚያው ዓይነት ድንጋይ ትንንሽ ቤተ ጊዮርጊስ እየጠረቡ ለእንግዳ ሲሸጡ ኖረዋል። በጋሸና በኩል ደግሞ በእኛው ዘመን አንድ አባት ከባልደረቦቻቸው ጋር በመሮና በዶማ አዲስ የአለት ቤተ ክርስቲያን ፈልፍለዋል። ጥበቡ ሞተ የሚል ካለ ሄዶ ይይ። አሁን ግን እንግዳው ቀረ። ወረርሽኙ መጣ፣ ጦርነቱ መጣ፣ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል ሌላ ጦርነት ተነሣ። ጠራቢው ልጅ መሮውን አስቀምጦ ምን ይሥራ? ይሰደድ ወይስ ጠመንጃ ያንሣ? ይኼ ጥያቄ ከእናንተ ቤት የራቀ አይመስለኝም።

እዚህ ላይ አባቶች የሚያነሡት ከባድ ጥያቄ አለ፤ ገና ሳይጠይቁኝ ልመልስ። «ሐውልት ማቆም የተቀረጸ ምስል አይሆንብንም ወይ? ያውም በደብሩ ጥግ?» ይላሉ። እውነት ነው፤ ቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል እንጂ ሐውልት አታቆምም። በቤተ ጎልጎታ ግድግዳ ላይ በሰው ቁመት የተቀረጹት ቅዱሳን ከግድግዳው አልተለዩም። እኔም የቅዱሳን ሐውልት ይቁም አላልኩም። የባለሥልጣን ሐውልት ይቁም ደግሞ ጭራሽ አላልኩም! የሚጠረበው የእኛው ኑሮ ይሁን። ማረሻና ሞፈር፣ እንስራ ያዘለች ሴት፣ የአቡነ ዮሴፍ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ፣ ለሽማግሌ ማረፊያ የሚሆን የድንጋይ ወንበር። ምን እንደሚጠረብና ምን እንደማይጠረብ የደብሩ አባቶች አስቀድመው አይተው ይፍቀዱ፤ ያልፈቀዱት አይቁም።

ከሁሉም በላይ ግን አንድ ነገር እመኛለሁ። ቤታቸው የፈረሰባቸው ቤተሰቦች እያንዳንዳቸው አንድ ድንጋይ ይኑራቸው። ቤታቸው በነበረበት ቦታ ላይ፣ ራሳቸው በመረጡት መልክ የተጠረበ፤ ደፍ ይሁን፣ ምድጃ ይሁን፣ ወፍጮ ይሁን። ስም ይጻፍበት። ልጃቸው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ «የአያቴ ቤት እዚህ ነበር» ብሎ እጁን ያሳርፍበት። አጠገቡ አንድ ወይራ ይትከሉ፤ የሚንከባከቡትም እነሱ ይሁኑ። ያኔ ነው ያ ባዶ መሬት ባለቤት አገኘ የሚባለው።

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ

ሕልም ነው የሚል ካለ የሌላውን አገር ልንገረው። በሕንድ ቻንዲጋር በምትባል ከተማ ኔክ ቻንድ የሚባል የመንገድ ሥራ ተቆጣጣሪ ነበር። ከ1957 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከሥራ ሲወጣ ማንም ሳያውቅ ጫካ ውስጥ ከተሰባበረ ሸክላ፣ ከወዳደቀ ዕቃና ከድንጋይ ብዙ ምስሎች ሠራ። መሬቱ የመንግሥት ነበር፤ ሥራውም ሕገ ወጥ። በ1970ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ባለሥልጣኖቹ ሲያገኙት ሊያፈርሱት ይችሉ ነበር። አላፈረሱትም፤ ደሞዝና 50 ሠራተኛ ሰጥተውት ቀጥል አሉት፤ ቦታው በ1976 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ተከፈተ። ከዓመታት በኋላ፣ በ1990 እ.ኤ.አ. ገደማ፣ ሌሎች ባለሥልጣኖች መንገድ እናወጣበታለን ብለው ቡልዶዘር ሲልኩ የከተማው ሕዝብ እጅ ለእጅ ተያይዞ ቆመና መለሳቸው። ልብ በሉ፤ ያዳነው አዋጅ አይደለም፤ ሰው ነው። ሕዝብ የእኔ ያለውን ነገር ቡልዶዘር አይደፍረውም።

ከአገራችንም ልጥቀስ። አዲስ አበባ መካኒሳ አካባቢ ሠዓሊው ኤልያስ ስሜና ወይዘሮ መስከረም አሰግድ የመሠረቱት ዞማ ሙዚየም በ2011 ዓ.ም. ተከፍቷል። ግድግዳው ጭቃና ጭድ ነው፤ የአገሬው ባለሙያ በአያቱ ጥበብ የሠራው ነው፤ ከአትክልቱ ጋር አንድ ላይ የተያያዘ የጥበብ ሥራ ነው። ይኼ አዲስ አበባ ላይ ከተቻለ ላስታ ላይ የማይቻልበት ምክንያት የለም፤ ድንጋዩም ጠራቢውም ያለው እዚያ ነውና።

ሌላው ምሳሌ ከዚያም ይቀርባል። ብዙዎቻችሁ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴን በ«እመጓ» መጽሐፋቸው ነው የምታውቋቸው። ሙያቸው ግን የደን ሳይንስ ነው፤ በደቡብ ጎንደር የአብያተ ክርስቲያናት ደን ላይ ብዙ ዓመት አጥንተዋል። እዚያ የተሠራው ሥራ በጣም ቀላል ነበር። ገበሬው እርሻው ላይ ያስቸገረውን ድንጋይ ለቅሞ በደኑ ዙሪያ ካብ ሠራ። ከብት አልገባ አለ፤ ችግኙ በራሱ በቀለ። ማንም ባለሥልጣን ሪባን አልቆረጠም። ገበሬው ከማሳው ድንጋይ ተነሣለት፣ ደኑም አጥር አገኘ። የሠራው ሰው የእኔ ስላለ ዛሬም ይጠብቀዋል።

ይኼን ከዚያኛው ጋር አነጻጽሩት። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ጀምበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተባልን። መትከሉን ማንም አይጠላም። ግን የተተከለው በቀኑ ሲቆጠር አየን እንጂ የጸደቀው በሦስተኛው ዓመት በዚያው በቴሌቪዥን ሲቆጠር አላየንም። ችግኝ በተተከለበት ቀን ሁሉም ይኖራል! ሞቱ የሚመጣው ጥር ላይ ነው፤ ጥር ላይ ደግሞ ካሜራው የለም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

እኔ የምለምናችሁ ትልቅ ነገር አይደለም። አንደኛ፣ ሁሉንም ቦታ በአንድ ጊዜ አንበል። አንድ ቁራሽ መሬት፣ ከተጠረበው ድንጋይ ራቅ ያለ፣ ከደብሩ አስተዳደርና ከቅርስ ባለሥልጣን ጋር ተነጋግረን በጽሑፍ እንቀበል። በቃል የተሰጠ ነገር ባለሥልጣኑ ሲቀየር አብሮ እንደሚሄድ አይተናል። ሁለተኛ፣ የሚያስተዳድረው አዲስ ኮሚቴ አይሁን፤ ኮሚቴ ጠግበናል። ዕድሩና ሰንበቴው ይያዙት፤ ሰው ለመቅበርና ጽዋ ለመጠጣት ተራ የሚያወጣ ማኅበር ለችግኝ ተራ ማውጣት አያቅተውም። ከቦታቸው የተነሡት ቤተሰቦች ደግሞ በመጀመሪያው ረድፍ ይቀመጡ። ሦስተኛ፣ እኛ አዲስ አበባ ያለነውና በውጭ ያሉት ወገኖቻችን ገንዘብ ስናዋጣ ለጠራቢው ልጅ የእጁን ዋጋ እንክፈል፤ «ለአገርህ ነው» ብለን በነፃ አናሠራው። አራተኛ፣ ዘሩን ከዚያው ከላስታ እንልቀም፤ ከይምርሐነ ክርስቶስ ደን የወደቀውን የጥድ ፍሬ አባቶችን አስፈቅደን እናንሣ እንጂ ከሩቅ ችግኝ በመኪና አንጫን። አምስተኛ፣ ቆጠራው በሦስተኛው ዓመት ጥር ላይ ይሁን። ስንት ተከልን ሳይሆን ስንት ጸደቀ ብለን እንጠይቅ፤ ካልጸደቀ እንፈር።

«ጦርነቱ ሳያበቃ እንዴት?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ጥይት በሚጮህበት ቀን መሮ አይሰማም። ግን አስቡት፤ ወይራ ለመድረስ ብዙ ዓመት ይፈልጋል። ሰላም እስኪመጣ ብለን ብንጠብቅ ሰላም የመጣ ዕለት ገና ችግኝ ፍለጋ እንሄዳለን። ዘሩን መልቀም፣ ድንጋዩን መምረጥ፣ ከተነሡት ቤተሰቦች ጋር ቁጭ ብሎ ማን የት ይኖር እንደነበር መጻፍ፣ ይኼ ሁሉ ዛሬ ይቻላል። አዛውንቶቹ ሳያልፉ መጻፍ ያለበት ደግሞ እሱ ነው።

ወገኖቼ፣ ገና በመጣ ቁጥር በቤተ ማርያም አፋፍ ላይ ካህናቱ ቆመው ቤዛ ኩሉ ሲያሸበሽቡ ከአራቱም ማዕዘን የመጣው ምዕመን የት ነው የሚያድረው? ደጋው ብርድ ላይ፣ ሜዳ ላይ ነው። ያ ሰው ከነፋስ የሚከልለው አንድ የወይራ ጥግ፣ የሚቀመጥበት አንድ የተጠረበ ድንጋይ ቢያገኝ ለእኔ ይበቃኛል። ቱሪስቱም ይምጣ፤ ደግ ነው፤ ግን መጀመሪያ ለተሳላሚውና ለባለአገሩ ነው።

ላሊበላን ንጉሡ ብቻውን አልጠረባትም፤ ትውፊታችን መላእክት ሌሊት ሌሊት ያግዙ ነበር ይላል። ቀን ቀን ግን ማን ነበር የሚሠራው? የላስታ ሰው ነው። እንግዲህ እኛም የቀኑን ድርሻችንን እንሥራ፤ የሌሊቱን እግዚአብሔር ያውቃል።